የመተማ ማር፦ ቀን የሌለው ጀሪካን ለምን ዋጋ ያጣል?

የመተማ ነጋዴ የሰሊጥን አሠራር ጠንቅቆ ያውቃል። ሰሊጥ ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ ናሙናው ተመርምሮ ደረጃ ይወጣለታል፤ ገዢውም ጆንያውን ሳይፈታ ደረጃውን አምኖ ዋጋ ይሰጣል። በጀሪካን የሚሸጠው ማር ግን መተማመኛው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። በመሆኑም ገዢው “ስኳር ገብቶበት ይሆናል” በሚል ጥርጣሬ አስቀድሞ ዋጋውን ይሰብራል።

በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የድንበሩን ንግድ ካዳከመ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። የድንበር ገዢ ማሩን ቀምሶ፣ ሻጩንም አውቆ ይገዛል። የጎንደርና የአዲስ አበባ ገዢ ግን የሚያየው ወረቀት ነው።

ሕጉ ይህንኑ ወረቀት ይጠይቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ያለ ጸና ፈቃድ መነገድን ከልክሏል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ የዕቃው ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን፣ እነዚህን የመሳሰሉት በገላጭ ጽሑፍ እንዲሰፍሩ አዟል።

ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ይህን የሱፐርማርኬት ወጪ አድርገው ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ በቆላ አገር ቀኑ ከሁሉም ይበልጣል። ማር ሙቀት ባለበት ሲከርም ኤችኤምኤፍ የተባለው ውህድ ይጨምርበታል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ጣሪያውን በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ሚሊ ግራም አድርጎታል። በአሲድ ተፈልቶ የተዘጋጀ የስኳር ሽሮፕ የገባበት ማርም ይኸው ውህድ ይበዛበታል። ስለዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት በቆርቆሮ ቤት የከረመ ንጹሕ ማር፣ በላቦራቶሪ ሲታይ የተበረዘ ሊመስል ይችላል።

ለዚህ መከላከያው ቀላል ነው፦ የተቆረጠበትንና የታሸገበትን ቀን በየጀሪካኑ መጻፍ፣ የየአናቢውን ማር ለይቶ መያዝ፣ ከፀሐይ ማራቅ፣ ደረሰኝ ማስቀረት። ውኃው በኮዴክስ ደረጃ ከመቶ 20 እንዳያልፍ በእጅ በምትያዝ ሪፍራክቶሜትር በግዢው ቦታ ላይ መለካት ይቻላል።

ጠጅ ቤት ቀን አይጠይቅም፤ የገበታ ማር ገዢ ግን ይጠይቃል። ቀኑን ማሳየት ያልቻለ ነጋዴ ንጹሑን ማር በጠጅ ቤት ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።