ባዶ መንቁርም መረጃ ነው፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አዳኝ ወፎችን ለጥናት ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

መግቢያ

በማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የቆመ ሰው ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ትንሽ ወፍ ከውኃው በላይ በአንድ ስፍራ ረግቶ ክንፉን ሲያርገበግብ፣ ከዚያም መንቁሩን ቁልቁል አድርጎ ሲወረወር ያያል። የወፉ ሳይንሳዊ ስም ሴሪሌ ሩዲስ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አዳኝ እንለዋለን። ብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከዚህ ትዕይንት የሚፈልጉት አንዲት ቅጽበት ናት፤ ወፉ ዓሣ በመንቁሩ ይዞ፣ የውኃ ነጠብጣብ እየረጨ ሲወጣ። ባዶ መንቁር የሚያሳዩት ምስሎች ግን ማታ ከኮምፒውተሩ ይሰረዛሉ።

ለአልበም ከሆነ ይህ ምርጫ ጉዳት የለውም። ምስሎቹ ለሥነ ምህዳር ጥናት መረጃ እንዲሆኑ ከተፈለገ ግን የተሰረዙት ከቀሩት ያላነሰ ዋጋ አላቸው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ያልተሳካ አደን ለምን መመዝገብ እንዳለበትና እንዴት ሊመዘገብ እንደሚችል ማብራራት ነው።

ያልተሳካው አደን ምን ይነግረናል?

አንድ ወፍ በአንድ ማለዳ 10 ጊዜ ጠልቆ 3 ዓሣ ያዘ እንበል፤ ሌላው ደግሞ 30 ጊዜ ጠልቆ ያንኑ 3 ዓሣ ያዘ። የተሳኩት ምስሎች ብቻ ከተቀመጡ ሁለቱ ወፎች እኩል መስለው ይታያሉ። የሁለተኛው ድካም ግን የመጀመሪያው 3 እጥፍ ነው። ጫጩት ለሚመግብ ወላጅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ልዩነቱ ምን ያህል ርቆ እንደሚደርስ በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄደ አንድ ጥናት ያሳያል። ሃይንስ ኡልሪኽ ራየር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራ በናይቫሻ ሐይቅና በቪክቶሪያ ሐይቅ የሚኖሩትን ዝንጉርጉር ዓሣ አዳኞች አነጻጽሯል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ ማግኘት ይበልጥ አድካሚ ስለሆነ፣ ወላጆች ጫጩቶቻቸውን ብቻቸውን መመገብ ያዳግታቸዋል፤ ስለዚህ ዝምድና የሌላቸውን ወንድ ረዳቶች ሳይቀር ይቀበላሉ። በናይቫሻ ግን እንዲህ ያሉትን ረዳቶች አብዛኛውን ጊዜ ያባርሯቸዋል። የአደኑ ቅለት ወይም ክብደት የወፎቹን የቤተሰብ ሥርዓት ጭምር ይለውጣል ማለት ነው። ዓሣ የያዘ ወፍ ምስል ብቻውን ሲታይ ግን በሁለቱም ሐይቆች አንድ ነው።

ካሜራው የሚገጥመው ፈተና

የመጀመሪያው ፈተና ፍጥነት ነው። ከ5 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ አካል፣ የአየር ሰበቃ ካልታሰበ፣ ውኃው ላይ ለመድረስ 1 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የካሜራው መዝጊያ ለ1/250 ሰከንድ ክፍት ከሆነ ወፉ በዚያ መካከል 4 ሴንቲሜትር ስለሚጓዝ ምስሉ ይደበዝዛል። በ1/2000 ሰከንድ ግን ጉዞው 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መዝጊያው ሲፈጥን ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ስለሚያንስ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ መቆም ይመረጣል። ካሜራው ብርሃኑን በጠቆረው ውኃ ከለካ የወፉ ነጭ ላባ ዝርዝሩ ጠፍቶ ይነጣል፤ ስለዚህ መጠኑን በእጅ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፈተና የብርሃን ስብረት ነው። የውኃ የስብረት መጠን 1.33 ስለሆነ፣ በ40 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለ ዓሣ በቀጥታ ከላይ ሲታይ በ30 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ይመስላል። እይታው በተጋደመ ቁጥር ስሕተቱ ይበዛል። ዝንጉርጉሩ ዓሣ አዳኝ ቁልቁል በመወርወሩ ስሕተቱን ይቀንሳል። በዳርቻው ቆማ ወደ ጎን የምትመለከት ሳቢሳ ግን ማረም አለባት። ጋዲ ካትዚርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሳቢሳ ወገን የሆነ የባሕር ዳርቻ ወፍ ይህን እርማት ሊያደርግ እንደሚችል አሳይተዋል። ካሜራ ግን አያርምም። ፖላራይዚንግ ማጣሪያ የውኃውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ በተለይም ሌንሱ ከውኃው ገጽ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲመለከት። ስብረቱን ግን አያስቀርም። ስለሆነም ዓሣው የነበረበትን ጥልቀት ከምስል ብቻ መገመት ያሳስታል።

የምዝገባው ሥርዓት

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አራት ቀላል ደንቦች በቂ ናቸው። አንደኛ፣ የክትትሉ ጊዜ አስቀድሞ ይወሰን፤ ለምሳሌ አንድን ወፍ ለ30 ደቂቃ መከታተል። ጥሩ ምስል ስለ ተገኘ ቀድሞ መሄድ፣ ስላልተገኘም መቆየት ውጤቱን ያዛባል። ሁለተኛ፣ ተከታታይ ምስሎቹ ከመወርወሩ ጀምረው ወፉ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች ይቀጥሉ። ዝንጉርጉሩ ዓሣ አዳኝ ትንሽ ዓሣ ከሆነ እየበረረ ሊውጠው ይችላል፤ ትልቁን ግን ወደ ማረፊያው ወስዶ እየደበደበ ያደክመዋል። ዘግይቶ የተነሣ ባዶ መንቁር ስለዚህ ሁልጊዜ የመሳት ምልክት አይደለም። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሙከራ «ያዘ»፣ «ሳተ»፣ «ጀምሮ ተወ» ወይም «አልታወቀም» ተብሎ ይመደብ፤ ከጎኑም ሰዓቱ፣ የነፋሱና የማዕበሉ ሁኔታ፣ ወፉ ከማረፊያ ወይም ከማንዣበብ መነሣቱ ይጻፍ። አራተኛ፣ ቆጠራው ሳያልቅ አንድም ምስል አይሰረዝ።

የቦታ ምርጫና ጥንቃቄ

በሐዋሳ ወፎችን በቀላሉ ማንሣት የሚቻልበት ስፍራ አሞራ ገደል ነው። ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ሲያጸዱ የሚጥሉትን ትርፍራፊ አባ ኮዳና ፔሊካን ተሰብስበው ይጠብቃሉ። በዚያ የሚነሣ ምስል የሰውንና የወፍን ጉርብትና ያስረዳል፤ ይህም ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። የተፈጥሮ አደን ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ግን አንባቢን ያሳስታል። ለፎቶግራፍ ሲባል ዓሣ መወርወርም እንዲሁ ነው፤ የተወረወረለት መሆኑን ምስሉ አይናገርም።

ጥንቃቄው ከመረጃ ጥራትም ያልፋል። ዝንጉርጉሩ ዓሣ አዳኝ ጎጆውን የሚሠራው የአፈር ገደል ሰርስሮ ነው። ሰው በጉድጓዱ ፊት ከቆመ፣ ዓሣ ይዞ የመጣው ወላጅ ለመግባት ፈርቶ በአቅራቢያው ይጠብቃል። ያን ጊዜ የሚነሣው ምስል እጅግ የጠራ ይሆናል፤ ጫጩቶቹ ግን በዚያው ልክ ይራባሉ። ወፉ ዓሣ ይዞ መጠበቅ ከጀመረ መራቅ ያለበት ፎቶግራፍ አንሺው ነው።

መደምደሚያ

ከሐይቁ የሚመለስ ተመራማሪ ወፉ ስንት ጊዜ እንደ ያዘ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደ ሳተም መናገር ሊችል ይገባል። ወደፊት የሐይቁ ውኃ ቢደፈርስ ወይም ጥቃቅን ዓሦች ቢመናመኑ፣ ወፎቹ ለዚያው ጥቂት ዓሣ ደጋግመው ለመጥለቅ ሊገደዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ለውጡን ለማወቅ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ዛሬ ሳይሰረዝ የተቀመጠው የባዶ መንቁር ምስል ነው።