ውሃ ማፍላት እርሳስን አያስወግድም

አገር ቤት ውሃ አፍልተን የምንጠጣው ጀርም ስለሚገድል ነው። እርሳስ (የመጻፊያው ሳይሆን ብረቱ፣ ሊድ የሚባለው) ግን ቢፈላም አይጠፋም። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ዴንቨር ውስጥ ከ1951 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ቤቶች ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ የእርሳስ ሊሆን ይችላል። ዴንቨር ዋተር ከ2020 ጀምሮ እነዚህን ቧንቧዎች ያለ ክፍያ እየቀየረ ነው፤ እስኪቀየር ድረስም ማጣሪያ ያለው ጆግ በነጻ ይሰጣል። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለቡናና በተለይ ለሕፃን የዱቄት ወተት የተጣራውን ውሃ ይጠቀሙ።

ተከራይ ከሆኑ ስለ ቅየራው ባለቤቱን ይጠይቁ። ለብቻዎ ከመጠየቅ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ቢጠይቁ ይሻላል። በእንግሊዝኛ የመጣ ደብዳቤ ሳይነበብ አይጣሉ። ኦሮራ የሚኖሩ ከሆነ የሚጠይቁት ኦሮራ ዋተርን ነው። ትንሽ ልጅ ካለዎት ሐኪሙን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርብልዎታል።