ከመሬት በታች ያለው ክፍል

የመጡት ማለዳ ነበር። ቀኑ ጁን 22፣ 1984 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቦታው በአሜሪካ የቬርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ለካናዳ ድንበር የቀረበች አይላንድ ፖንድ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። 90 የሚሆኑ ፖሊሶችና 50 የሚሆኑ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች አንድ ሃይማኖታዊ ማኅበር የሚኖርባቸውን ቤቶች በሮች አንኳኩ። 112 ሕፃናት በአውቶቡስ ተጭነው ኒውፖርት ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ተወሰዱ፤ ወላጆቻቸውም አብረው ሄዱ። በዚያው ምሽት ግን ልጆቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው፣ ራታቸውን በልተው አደሩ።

ከ29 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2013፣ በጀርመን አገር በባቫሪያ የዚሁ ማኅበር ልጆች በፖሊስ ተወሰዱ። በዚህኛው ጊዜ ቁጥራቸው 40 ነበር። በምሽቱ አልተመለሱም።

ማኅበሩ አንድ ነው፤ የተወቀሰበት ነገርም አንድ ነው፤ ልጅን በአርጩሜ መግረፍ። እንግዲህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ምን ተለወጠ? መልሱ አንድ ሰው ይዞት የገባው ትንሽ ካሜራ ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል። ነገሩ ግን ከዚያ ትንሽ ረዘም ይላል።

ማኅበሩ ራሱን «አሥራ ሁለቱ ነገዶች» ብሎ ይጠራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቴነሲ ክፍለ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ ኤልበርት ዩጂን ስፕሪግስ በተባለ ሰውና በባለቤቱ ቤት ተጀመረ። የዚያን ዘመን መንገድ የጠፋባቸው ወጣቶች በሩ ክፍት ሆኖ አገኙት፤ አብረው በሉ፣ አብረው ሠሩ፣ ያላቸውን ሁሉ በጋራ አደረጉ። በሐዋርያት ሥራ ላይ እንደተጻፈው መሆኑ ነው። «የሎው ዴሊ» የሚባል ሳንድዊች ቤት ከፈቱ፤ ስሙ ዛሬም አለ። ወንዶቹ ፂማቸውን ያሳድጋሉ፣ ፀጉራቸውን ከኋላ ያስራሉ፤ ሴቶቹ ረጅም ቀሚስ ይለብሳሉ። አባል የሆነ ሰው የዕብራይስጥ ስም ይወጣለታል። ከቴነሲ ወደ ቬርሞንት፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፉ።

እንዲህ ዓይነት ማኅበር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከፍ ያለ አጥርና ዘብ የቆመበት በር ነው። እነዚህ ግን እንግዳ ይወዳሉ። ምግብ ቤታቸው ለመንገደኛ ክፍት ነው፣ በየገበያው ዳቦና አትክልት ይሸጣሉ፣ የመጣውን ሁሉ እደር ይሉታል። ልጆቻቸውን በቀጭን በትር እንደሚቀጡም አልደበቁም፤ መጽሐፈ ምሳሌ ላይ ስለ በትር የተጻፈውን ጠቅሰው፣ በቁጣ ሳይሆን በፍቅር የምናደርገው ነው ይሉ ነበር። ታዲያ ምስጢሩ የቱ ላይ ነበር? ምስጢሩ መጠኑ ላይ ነበር። ስንት ጊዜ፣ በማን እጅ፣ በምን ጥፋት፣ ከስንት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የሚለውን ከማኅበሩ ውጭ ያለ ሰው አይቶት አያውቅም።

የቬርሞንት ባለሥልጣናት መጠኑን ሊያውቁ ለዓመታት ሞክረዋል። በ1983 የአንዲት የ13 ዓመት ልጅ አባት ልጁ በአንድ የማኅበሩ ሽማግሌ ለሰዓታት ተገርፋለች ብሎ ከሰሰ። ቆይቶ ቃሉን አጠፈ፤ ክሱም በ1985 ተዘጋ። ማኅበሩን ጥለው የወጡ ሰዎች ምስክርነት ነበር፤ ማኅበሩ ደግሞ እነዚህ ቂም ያላቸው ሰዎች ናቸው ይላል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ልጆቹን ለብቻቸው ማነጋገር ቢፈልጉ በሩ ላይ ይቆማሉ። በመጨረሻ መንግሥት ትዕግሥቱ አለቀና ሁሉንም ልጆች ባንድ ላይ ወስዶ፣ በሐኪም አስመርምሮ፣ ማስረጃውን ከዚያ ለማግኘት ወሰነ።

ስህተቱ ይኸው ነበር። ዳኛው ፍራንክ ማሃዲ የመንግሥትን ጠበቆች የጠየቋቸው ቀላል ጥያቄ ነው፤ ይህ ልጅ፣ እዚህ ፊቴ የቆመው፣ ምን ደረሰበት? መልስ አልነበረም። የነበረው ስለ ማኅበሩ በጥቅሉ የተሰበሰበ ምስክርነት ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ልጅ የቀረበ ነገር ግን የለም። ማስረጃ ይገኝ ይሆናል ተብሎ 112 ልጅ አይያዝም አሉ ዳኛው፤ አሰሳው ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብለው ልጆቹን ለቀቁ። ማኅበሩ ያን ቀን የነፃነት በዓሉ አደረገው። የተከሰሰውን ሽማግሌ እንድትከላከል መንግሥት የመደባት ጠበቃም ቆይታ የማኅበሩ አባል ሆነች፤ ሽማግሌውንም አገባች። ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው አጋነነ እንል ነበር።

የማሃዲን ውሳኔ ልጆችን አሳልፎ የሰጠ ነው ብለው የሚያዝኑ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ የጎደለው መልሱ ነው፤ መልሱም ለመምጣት ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ወሰደበት።

በዚህ መሃል ሌላ ነገር ሆነ። በፈረንሳይ፣ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ በሚገኘው ሱስ መንደር፣ በማኅበሩ ውስጥ ይኖር የነበረ የ19 ወር ሕፃን በ1997 ሞተ። ምግብ አንሶት ነበር፤ ሕክምና ያላገኘ የልብ ሕመምም ነበረበት። ወላጆቹ በ12 ዓመት እስራት ተቀጡ። በዚያ ጉዳይ ማስረጃው ሬሳ ነበር።

ጀርመን ውስጥ ማኅበሩ የሰፈረው ክሎስተርዚመርን በሚባል ቦታ፣ በአንድ የቀድሞ የሴቶች ገዳም ግቢ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ የጸሎት ቤት፣ ዙሪያውን እርሻ። የመጀመሪያው ጠብ ከመንግሥት ጋር በትምህርት ቤት ምክንያት መጣ፤ ወላጆቹ ልጆቻችንን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አንልክም አሉ። ጀርመን ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ቅጣት ተጣለ፣ በ2004 አንዳንድ አባቶች ለጥቂት ቀናት ታሰሩ። በመጨረሻ በ2006 ግቢያቸው ውስጥ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ የራሳቸው ትምህርት ቤት እንዲኖራቸው ተፈቀደ። ይህን ትምህርት ቤት አንባቢ ልብ ይበለው፤ እንመለስበታለን።

በጀርመን ሕግ ላይ ግን በ2000 ትልቅ ለውጥ ተደርጎ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕፃናት ያለ ዱላ የማደግ መብት አላቸው የሚል አንቀጽ ገባበት፤ የወላጅ ጥፊም ቢሆን ተከለከለ። ስለዚህ በ1984 ቬርሞንት ውስጥ «ይህ ቅጣት ነው ወይስ ድብደባ?» እየተባለ ይከራከሩበት የነበረው ነገር እዚህ አላከራከረም። የቀረው ማየት ብቻ ነበር። ወሬው በአካባቢው ለዓመታት ሲናፈስ ኖሯል፤ ባለሥልጣናቱም የሰሙት ነው፤ የጎደላቸው ማስረጃ ነበር።

ቮልፍራም ኩኒክ የአርቲኤል ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ማንነቱን ደብቆ፣ ሕይወት ግራ የገባው፣ እግዚአብሔርን የሚፈልግ ሰው መስሎ ወደ ማኅበሩ ሄደ። እንግዳ የሚወዱት ሰዎች ተቀበሉት። አብሯቸው ሠራ፣ አብሯቸው ጸለየ፤ ድብቅ ካሜራ ይዞ ነበር።

ከቀረጻው አንዱ እንዲህ ነው። አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ በአንዲት ጎልማሳ ሴት እየተመራ ከመሬት በታች ወዳለ ጨለም ያለ ክፍል ይወርዳል። ይጎነበሳል። ደክሞኛል እንዲል ይታዘዛል፤ እምቢ ይላል። አርጩሜው ያርፋል። እንደገና ይጠየቃል። እስኪል ድረስ ይቀጥላል።

ኩኒክ 50 ያህል እንዲህ ያሉ ግርፊያዎችን ቀረጸ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብቻ ስድስት አዋቂዎች ስድስት ልጆችን በድምሩ 83 ጊዜ ሲመቱ ይታያል። ይህን ቁጥር ለማግኘት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፊልሙን እያየ መቁጠር ነበረበት፤ ያን ሥራ የሠራው ሰው ማታ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው አላውቅም። ቦታውም ሁለት ነበር፤ አንዱ ያ ከመሬት በታች ያለው ክፍል፣ ሌላው ከመሬት በታች ያለ የትምህርት ቤቱ የማሞቂያ ክፍል። መንግሥት ፈቅዶ የሚቆጣጠረው ትምህርት ቤት ከላይ፣ አርጩሜው ከታች።

አርጩሜን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከቁጥቋጦ ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ተመልምሎ፣ አንዳንዴም ተገራፊው ራሱ ቆርጦ እንዲያመጣ የሚታዘዘው ያ ቀጭን እንጨት ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል፤ የቤት ውስጡን ግን ብዙ ሰው ዛሬም እንደ ወላጅ ድርሻ ያየዋል። ስለዚህ ስለ ፊልሙ የሚሰማ አበሻ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ቢል አልፈርድበትም። አዲሱ ነገር እርጋታው ነው። የሚመታው ሰው ፊት ላይ ንዴት የለም፤ ብዙውን ጊዜም ወላጅ እንኳ አይደለም። የእኛ አርጩሜ እናት ስትቆጣ ይነሳል፣ ጎረቤት «ኧረ ተይው!» ብሎ ሲገባ ይወድቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚገላግል ጎረቤት የለም። ሁሉም ጎረቤት የማኅበሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጋዜጠኛው ልጆች ሲገረፉ እያወቀ ካሜራው እንዲቀጥል ፈቅዷል። በአንደኛው ቀን ተነስቶ ቢጮህ ምን ይሆን ነበር? አንድ ልጅ ይድን ነበር፤ እሱ ይባረራል፤ በማግሥቱ ሌላ ክፍል ይገኛል። ሒሳቡ ይገባኛል፣ ግን ደስ የሚል ሒሳብ አይደለም።

በኦገስት 2013 ፊልሙና የቀድሞ አባላት ቃል ለሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ቢሮና ለቤተሰብ ፍርድ ቤት ደረሰ። የኖርድሊንገን ፍርድ ቤት ቀድሞ በማኅበሩ የኖሩ ምስክሮችን ሰማ፤ የልጆቹን የማሳደግ መብት በከፊል ከወላጆች ለጊዜው አነሳ። ሴፕቴምበር 5 ጠዋት ፖሊስ ክሎስተርዚመርንና ቨርኒትስ የሚባለውን ሌላ ሰፈራቸውን ከበበ። 28 ልጆች ከመጀመሪያው፣ 12 ከሁለተኛው። ገና ጡት የሚጠቡት ለጊዜው ከእናቶቻቸው ጋር ሆኑ፤ ሌሎቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰቦችና ማሳደጊያዎች ተበተኑ። ይህም ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ የገረፈህ ሰው አባትህ ቢሆንም፣ ሌሊት የምትጠራው እሱን ነው።

ከዚያ ጉዳዩን ሊያፈርስ የሚችል ነገር መጣ። ልጆቹ በሐኪም ሲመረመሩ አካላቸው ላይ የድብደባ ምልክት አልተገኘም። ቀጭን በትር ለቀናት የሚቆይ ምልክት ላይተው ይችላል። በ1984 የቬርሞንት መንግሥት ተስፋውን ሁሉ የጣለው በዚህ ምርመራ ላይ ነበር፤ ልጆቹን ቢያቆይ ኖሮም ሐኪሞቹ ምንም ላያገኙ ይችሉ ነበር ማለት ነው። ባቫሪያ ውስጥ ግን ፊልሙ ነበር።

ወላጆቹ ይግባኝ እያሉ እስከ ስትራስቡርግ ሄዱ። አራት ቤተሰቦች ጀርመን የቤተሰብ ሕይወታችንን ጥሳለች ብለው በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርዱ ማርች 22 ቀን 2018 ተሰጠ፤ ጥሰት የለም። ዳኞቹ ልጆቹ በዘዴና በየጊዜው የመገረፍ አደጋ እንደተጋረጠባቸው፣ ይህም ከወላጅ ለመለየት በቂ ምክንያት መሆኑን ተቀበሉ። የጀርመን ፍርድ ቤቶች የእያንዳንዱን ልጅና የእያንዳንዱን ቤተሰብ ጉዳይ ለየብቻ መርምረዋልም አሉ። ማሃዲ ኒውፖርት ላይ የጠየቁት ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ነው።

ማኅበሩ ግን ፍርዱን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ከታዳጊዎቹ አንዳንዶቹ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ወላጆቻቸው ተመልሰው ነበር። አባላቱ ደግሞ ክሎስተርዚመርንን ለቀው ድንበር ተሻግረው ወደ ቼክ ሪፐብሊክ ሄዱ፤ በዚያን ጊዜ የቼክ ሕግ ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በግልጽ አይከለክልም ነበር። ስፕሪግስ በ2021 ሞተ። ምግብ ቤቶቹ አልተዘጉም፤ ለመንገደኛ ዛሬም ሳንድዊች ይሠራሉ፣ የመጣውንም እደር ይሉታል።