ያውቁ ኖሯል? ከሰናይያ ጎረቤት የነበረው የሰው ገበያ

የአል አይኑ ሰናይያ ጋራዥና የብረት ሱቅ ብቻ ይመስልዎታል? በዚህ በረሃ ባርነትም፣ ድንበርም፣ ጦርነትም አልፎበታል! ሐበሻም አለበት! (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ያውቁ ኖሯል? ከአል አይን ጋር በአጥር በምትዋሰነው የኦማኗ ቡራይሚ ውስጥ ሐማሳ የምትባል መንደር አለች። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሐማሳ ላይ ሰው ይሸጥ ነበር! አዎ፣ ሰው!

ያውቁ ኖሯል? በባሪያ ፈንጋይ እጅ የወደቁ ስንትና ስንት የሐበሻ ልጆች ከምጽዋ፣ ከታጁራና ከዘይላ በጀልባ ተጭነው ወደ አረብ አገር ተሻግረዋል! ያለ ቪዛ! ያለ ፈቃዳቸው!

ከእነዚህ አንዱ ንጉሥ አንጋሽ ሆኗል ቢባሉ ያምናሉ? ማሊክ አምባር ይባላል! በ16ኛው መቶ ዘመን ከሐበሻ ተሸጠ፤ ባግዳድ ደረሰ፤ ሕንድ ገባ። እዚያ የጦር አዛዥ ሆኖ የሞጉሎችን ሠራዊት አስጨነቀ! ዛሬ ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባትን፣ ለረጅም ዘመን አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ የቆረቆረውም እሱ ነው!

የአቡዳቢ የጥንት ሀብት ዕንቁ ነበር! ጠላቂው አፍንጫውን በቀንድ መቆንጠጫ ይይዛል፤ እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፤ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል! ከጠላቂዎቹ መካከል ብዙ ባሪያዎች ነበሩ! በ1930ዎቹ የጃፓን እርባታ ዕንቁ ገበያውን አፈረሰው!

የአገራችን ሰው የለበሰው አቡጀዲስ? ብዙው የአሜሪካ ጨርቅ ነበር! ጥጡን የለቀሙት የደቡብ ባሪያዎች፣ የሸመኑት የሰሜን ፋብሪካዎች! በ1861 ሰሜንና ደቡብ ሲዋጉ ጨርቁ ከምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ጠፋ!

የዚያ ጦርነት መኮንኖች እኛ ድረስ መጥተዋል! በ1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስን የገጠመው የግብጽ ጦር ኤታማዦር ሹም አሜሪካዊ ነበር! ጄኔራል ሎሪንግ! ለባሪያ አሳዳሪው ደቡብ የተዋጋ፣ አንድ እጁ የተቆረጠ! ጉራ ላይም ተሸነፈ!

የአል አይንና የቡራይሚ መንደሮች ዘጠኝ ነበሩ! ስድስቱ የአቡዳቢ፣ ሦስቱ የኦማን! በ1952 የሳዑዲ ታጣቂዎች ሐማሳን ያዙ። በ1955 በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራ ጦር አስወጣቸው! ያ ጦር በ1951 ሲቋቋም አንዱ ሥራው የባሪያ ንግድን ማስቆም ነበር!

ጃሂሊ ምሽግን አይተዋል? የጭቃ ግድግዳው ውስጥ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ የት ተወለዱ? አዲስ አበባ፣ በ1910! የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ የሰገሌን ጦርነት የድል ሰልፍ በዓይናቸው አይተዋል! በ1941 ጎጃም ገብተው ጣሊያንን ወግተዋል! በ1948 ደግሞ እዚሁ የሼክ ዛይድ እንግዳ ሆነዋል! በዱዊኖቹ «ሙባረክ ቢን ለንደን» አሏቸው!

ሙስካት ላይ ነጻ የሚያወጣ እንጨት ነበር! ከጌታው ያመለጠ ባሪያ የእንግሊዝ ቆንስላ ግቢ ገብቶ የባንዲራውን ምሰሶ ካቀፈ፣ አለቀ! ነጻ ሰው ነው!

ቁጥሮቹን ይመልከቱ! አሜሪካ ባርነትን የሻረችው በ1865 ነው። ኢትዮጵያ በ1942! ሳዑዲ በ1962! የዛሬዎቹ ኢምሬቶች በ1963! ከአጥሩ ማዶ ያለችው ኦማን በ1970! አባትዎ የሚያስታውሱት ዘመን ነው!

የመጨረሻዋን ደግሞ ለጓደኛዎም ይንገሩ! በኢምሬትስ ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት ይዞ ማስቀመጥ አይፈቀድለትም! የቤት ሠራተኛም ብትሆን! ሐማሳ ላይ የተሸጠው ሰው እሄዳለሁ፣ እቀራለሁ ማለት አይችልም ነበር። የእርስዎ ፓስፖርት ግን የእርስዎ ነው! የት እንዳለ ዛሬውኑ ይዩት!