ደንበኛ ምን ብሎ ይፈልገናል? ነጻ የፍለጋ መሣሪያዎች ለአነስተኛ ንግድ ድረ ገጾች

በጎንደር ከተማ ስምንት ክፍል ያላት አንዲት የእንግዳ ማረፊያ አለች እንበል። ባለቤቷ ከዓመት በፊት ገንዘብ ከፍለው ድረ ገጽ አሠርተዋል። የክፍሎቹ ፎቶ አለ፤ ስልክ ቁጥር አለ፤ “ምቹና ዘመናዊ አገልግሎት” የሚል ጽሑፍም ከላይ በትልቁ ተቀምጧል። በድረ ገጹ በኩል የመጣው እንግዳ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አብዛኞቹ እንግዶች ክፍል የሚይዙት በውጭ አገር የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾች አማካይነት በመሆኑ ከእያንዳንዱ አዳር ላይ ኮሚሽን ይቆረጣል። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ሲጠየቅ “ማስታወቂያ ይከፈልበት” ይላል። ሌላው ባለሙያ ደግሞ “እንደ አዲስ ቢሠራ ይሻላል” ሲል ይመክራል።

ማረፊያዋ ለማብራሪያ የቀረበች ምሳሌ ናት፤ ችግሩ ግን የብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ችግር ነው። በተለይ የኮሮና ወረርሽኝና ግጭት ባዳከሙት የቱሪዝም ዘርፍ የሚተዳደር ሰው እያንዳንዱ እንግዳና እያንዳንዱ ብር ዋጋ አለው። ስለዚህ ባለቤቷ ዳግመኛ ኪሳቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ድረ ገጻቸው እንግዳ ያጣው የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ነው? የሚፈልገው ሰው እያለ ስለማያገኘው ነው? ወይስ አግኝቶት ሳይገባ ስለሚያልፍ ነው? ሦስቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ሕመሙን ለመለየት የሚያስችሉት መሣሪያዎች ደግሞ ክፍያ አይጠየቅባቸውም።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ከእነዚህ መሣሪያዎች ቀዳሚው የጉግል ኩባንያ “ሰርች ኮንሶል” ነው። ቀድሞ “ዌብማስተር ቱልስ” ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ነው። የማይክሮሶፍቱ “ቢንግ ዌብማስተር ቱልስ”ም በራሱ የመፈለጊያ ሞተር ላይ ተመሳሳይ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል።

የተለመዱት የጎብኚ መቁጠሪያዎች የሚናገሩት ደጁን አልፎ ስለገባው ሰው ነው። ሰርች ኮንሶል ግን በደጅ ስላለፈው፣ አይቶም ስላልገባው ሰው ጭምር ይናገራል። ፈላጊው ሰው በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ የእኛ ገጽ በውጤቶቹ መካከል ስንተኛ ሆኖ እንደታየውና ጠቅ አድርጎ እንደገባ ወይም እንዳልገባ በድምር ያሳያል። የፈላጊውን ማንነት ግን አይገልጽም። እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፏቸውን ቃላትም የግል ምስጢርን ለመጠበቅ ሲል ይሰውራል።

ለመመዝገብ የጉግል አካውንት መክፈትና የድረ ገጹ ባለቤት መሆንን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው አንድ አነስተኛ ፋይል በድረ ገጹ ላይ በማስቀመጥ ወይም በድረ ገጹ አድራሻ መዝገብ ላይ አጭር ጽሑፍ በመጨመር ይከናወናል፤ ድረ ገጹን ለሠራው ባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ምዝገባው በንግዱ ባለቤት አካውንት መሆን አለበት። ለባለሙያው በተጠቃሚነት ደረጃ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ሥራው ሲያበቃም ፈቃዱን ማንሳት አያስቸግርም። ሁሉም ነገር በባለሙያው ስም ከተመዘገበ ግን እሱ አገር ወይም ሥራ በቀየረ ጊዜ መረጃውን ማግኘት አዳጋች ይሆናል።

አራቱ ቁጥሮች

መረጃው ከምዝገባው ጥቂት ቀናት በኋላ መታየት ይጀምራል። የአፈጻጸም ሪፖርቱ ሲከፈት ከላይ አራት ቁጥሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጠቅታ ነው፤ ከፍለጋ ውጤት ተነሥተው ወደ ድረ ገጹ የገቡበትን ብዛት ያመለክታል። ሁለተኛው ዕይታ ሲሆን ገጹ በፍለጋ ውጤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቀረበ ይነግራል። ሦስተኛው የጠቅታ ምጣኔ ነው፤ ከመቶ ዕይታ ስንቱ ወደ ጠቅታ እንደተለወጠ ያሳያል። አራተኛው አማካይ ደረጃ ሲሆን ገጹ በውጤቶቹ ተራ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደተቀመጠ ይገልጻል።

ከሥር ደግሞ ፈላጊዎች የተጠቀሙባቸው ቃላት፣ የታዩት ገጾች፣ ፍለጋው የተካሄደባቸው አገራትና የመሣሪያው ዓይነት ማለትም ስልክ ወይም ኮምፒውተር በየተራ ይዘረዘራሉ። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የቃላቱ ዝርዝር ነው። ምክንያቱም ደንበኛው ገና ከእኛ ጋር ሳይገናኝ፣ ማንም ሳያሳስተውና ይሉኝታ ሳይዘው፣ ፍላጎቱን በራሱ አንደበት የተናገረበት መዝገብ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

ወደ ጎንደሯ ማረፊያ እንመለስ። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ባለቤቷ ሪፖርቱን ሲከፍቱ ድረ ገጻቸው ከፋሲል ግንብ አቅራቢያ ማረፊያ ለሚፈልጉ ሰዎች 400 ጊዜ ታይቶ 4 ጠቅታ ብቻ እንዳገኘ ያያሉ። አማካይ ደረጃው 18 ነው። አንድ የውጤት ገጽ በአብዛኛው አሥር ያህል ውጤቶችን ስለሚይዝ ማረፊያዋ የምትገኘው በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚዘልቅ ፈላጊ ደግሞ ጥቂት ነው። ይህ የሚያመለክተው ፈላጊ መኖሩን፣ ድረ ገጹ ግን ለጥያቄው በቂ መልስ አለመስጠቱን ነው።

ድረ ገጹ ሲመረመር ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። “ምቹና ዘመናዊ አገልግሎት” ይላል እንጂ ማረፊያዋ ከፋሲል ግንብ በእግር ስንት ደቂቃ እንደምትርቅ የሚናገር አንድም ዓረፍተ ነገር የለውም። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የሚቀበል መኪና ይኑር አይኑር አልተጻፈም። ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ በደባርቅ የሚያልፍ መንገደኛ ሻንጣውን ትቶ መሄድ ይችል እንደሆነም አይገልጽም። እንግዳው የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ማንም ሰው “ምቹና ዘመናዊ አገልግሎት” ብሎ ማረፊያ አይፈልግም። መፍትሔው ድረ ገጹን አፍርሶ መሥራት ሳይሆን የጎደሉትን መልሶች በግልጽ ቋንቋ መጻፍ ነው።

በሌላ በኩል ስለ ማረፊያዋ ቁርስ የተጻፈው ገጽ በአማካይ ሦስተኛ ሆኖ እየታየ የሚገባበት ሰው ከጠፋ ችግሩ ደረጃው አይደለም። ፈላጊው ያየዋል፤ ነገር ግን በውጤቱ ላይ የሚነበበው ርዕስና አጭር መግለጫ አልሳበውም። ብዙ ድረ ገጾች በሁሉም ገጾቻቸው ላይ “መነሻ ገጽ” ወይም የድርጅቱን ስም ብቻ ርዕስ አድርገው ይተዋሉ። እያንዳንዱ ገጽ ይዘቱን የሚናገር የራሱ ርዕስ ሲሰጠው ፈላጊው ምን እንደሚያገኝ አውቆ ይገባል። ጉግል አንዳንድ ጊዜ ርዕሱን በራሱ መንገድ ቀይሮ ሊያሳይ እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት።

የፊደል ጉዳይ

በአማርኛ ለሚጻፉ ድረ ገጾች የቃላቱ ዝርዝር ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ድምፅ በተለያዩ ፊደላት ይጻፋልና። የከተማዋን ስም አንዱ ጎንደር፣ ሌላው ጐንደር ብሎ ይጽፋል። በባሕር ዳር ዓሣ የሚያቀርብ ምግብ ቤትን የሚፈልግ ሰው ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ ወይም አሳ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም መለያየቱ አይቀርም፤ የጎንደርንም ሆነ የጥምቀትን የመጨረሻ አናባቢ አንዱ በ“ኤ”፣ ሌላው በ“ኢ” ፊደል ያስቀምጠዋል።

ሪፖርቱ ደንበኞች በብዛት የሚጠቀሙበትን አጻጻፍ ያሳያል። የአገራቱ ዝርዝር ደግሞ በየትኛው ቋንቋ መጻፍ እንደሚገባ ፍንጭ ይሰጣል፤ ከአሜሪካና ከእስራኤል የሚፈልጉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ያየ ባለ ማረፊያ ከአማርኛው ጎን የእንግሊዝኛ ገጽ ማዘጋጀቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ገጽ ላይ መደርደር አይመከርም። ቃላትን ያለ አግባብ መደጋገም የጉግልን ደንብ የሚጥስ ከመሆኑም በላይ አንባቢን ያሰለቻል።

ገጹ በማውጫው ውስጥ አለ?

ለአንድ ገጽ ዕይታው ዜሮ ከሆነ ግን ስለ ቃላት ከመጨነቅ በፊት ገጹ በጉግል ማውጫ ውስጥ መመዝገቡን ማጣራት ይቀድማል። በሰርች ኮንሶል ላይኛው ክፍል ባለው ሳጥን የገጹን አድራሻ ሲያስገቡት ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ካልተመዘገበም ምክንያቱን ይናገራል። አንዱ የተለመደ ምክንያት ድረ ገጹ በግንባታ ላይ ሳለ የመፈለጊያ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የተቀመጠ ትእዛዝ ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይነሣ መቅረቱ ነው። ሱቁን ከፍቶ በሩ ላይ “ዝግ ነው” የሚለውን ጽሑፍ እንደመርሳት ይቆጠራል። ትእዛዙ ከተነሣ በኋላ እዚያው ላይ ገጹ እንዲመዘገብ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። የድረ ገጹን ሁሉንም ገጾች የሚዘረዝር ፋይል ማስገባትም ሥራውን ያቀላጥፋል።

ሌላው ችግር የዋጋ ዝርዝርን፣ የምግብ ዝርዝርንና አድራሻን በፎቶ መልክ ብቻ መለጠፍ ነው። ሰው ፎቶውን አይቶ ያነባል፤ የመፈለጊያ ሞተር ግን በሥዕል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ አንብቦ ለፈላጊው ያቀርበዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ፎቶው ይኑር፤ በውስጡ ያለው መረጃ ግን በጽሑፍም ይቀመጥ።

ስልክና ፍጥነት

ጉግል ገጾችን የሚመዘግበው በዋናነት በስልክ ላይ የሚታየውን ይዘት መሠረት አድርጎ ነው። በኮምፒውተር አምሮ በስልክ ላይ የሚበላሽ ድረ ገጽ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። “ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ” የተባለው ሌላው ነጻ መሣሪያ የገጹን አድራሻ ተቀብሎ በስልክና በኮምፒውተር ያለውን ፍጥነት ይለካል፤ የሚያዘገየውንም ነገር ይጠቁማል። ጥሩ የሚባለው የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። በአነስተኛ ንግድ ድረ ገጾች ላይ በብዛት የሚገኘው ጥፋት ከካሜራ እንደወጡ፣ መጠናቸው ሳይቀነስ የተጫኑ ፎቶዎች ናቸው። እነሱን ማሳነስ ለእንግዳውም የዳታ ወጪን ይቆጥባል።

መቼን ከመቼ?

ሰርች ኮንሶል የሚይዘው የ16 ወራት መረጃ ነው። ይህ ጊዜ ዘንድሮን ከአምና ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። የጎንደር ማረፊያ የነሐሴን ቁጥር ከጥር ጋር አነጻጽሮ “አደግን” ቢል ራሱን ያታልላል፤ ጥር 11 የሚከበረው ጥምቀት ብቻውን ፈላጊውን ያበዛዋልና። ትክክለኛው ንጽጽር ያለፈውን የጥምቀት ሰሞን ከዘንድሮው ጋር ማስተያየት ነው። ፋሲካን የመሰለ ቀኑ በየዓመቱ የሚለዋወጥ በዓል ሲሆን ደግሞ ሪፖርቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚሠራ ቀኑን አስልቶ መምረጥ ያስፈልጋል። ከ16 ወር በላይ ያለፈው መረጃ ስለሚጠፋ በየጊዜው አውርዶ ማስቀመጥ ይበጃል።

ከምን መጠንቀቅ ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው ጥንቃቄ “በጉግል አንደኛ እናደርግዎታለን” ብለው ዋስትና ከሚሰጡ ሰዎች ነው። ጉግል ራሱ ማንም የአንደኝነትን ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ አስታውቋል። ገንዘብ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ተለይቶ ይታያል እንጂ የመደበኛውን ውጤት ደረጃ አይገዛም።

ሁለተኛው በጥቂት ቁጥር አለመደናገጥ ነው። በሳምንት አምስት ጠቅታ ወደ ሦስት ቢወርድ ድንገተኛ ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ ለውጥ ከተደረገ በኋላ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ የተለወጠውን ነገርና ቀኑን በማስታወሻ መያዝ፣ በአንድ ጊዜም ብዙ ነገር አለመለዋወጥ የትኛው ሥራ ፍሬ እንዳፈራ ለማወቅ ይረዳል።

ሦስተኛው መሣሪያው የማያየው ነገር መኖሩን አለመዘንጋት ነው። በቴሌግራም፣ በስልክ ወይም በሰው ምክር የመጣ ደንበኛ እዚህ ላይ አይታይም። ጠቅታ በራሱም ገቢ አይደለም። እንግዳው ሲመጣ “በምን ሰማችሁን?” ብሎ መጠየቅና መመዝገብ አሁንም ምትክ የለውም።

ይህንን ሁሉ ለመከታተል በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የጎንደሯ ባለ ማረፊያ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰዎች የጠየቁትን፣ እሳቸው ግን ያልመለሱትን አንድ ጥያቄ ይመርጣሉ፤ መልሱንም ልክ በደጃቸው ለቆመ እንግዳ እንደሚናገሩት አድርገው ይጽፋሉ። በዚህ መንገድ በዓመት አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ይመለሳሉ። ከእነዚህ መካከል በአንዱ መልስ ተስቦ በቀጥታ የደወለ እንግዳ ደግሞ ለአዳሩ የሚከፍለው ገንዘብ ኮሚሽን ሳይቆረጥበት በሙሉ ለማረፊያዋ ይገባል።