ድህነት በሕንፃ ሲቆጠር

በሴፕቴምበር 2024 የሲያትል ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ሊዘጋቸው ያሰባቸውን ወደ 20 የሚጠጉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ለወላጆች ይፋ አደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦክቶበር ሲያልቅ ዝርዝሩ ወደ 4 ወረደ። ኖቬምበር ሳይወጣ ደግሞ የአስተዳደሩ የወቅቱ ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) ብሬንት ጆንስ ዕቅዱን ጭራሽ አነሱት። በ3 ወር ውስጥ ብዙ ወላጅ ተሰብስቧል፣ ጮኋል፣ ፈርሟል። ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋው የበጀት ጉድለት ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ይህ ዓይነቱ ክርክር በየዓመቱ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይነሣል። ከውጭ ሲታይ ስለ ሕንፃ ይመስላል፤ የትኛው ይዘጋ፣ የትኛው ከየትኛው ይቀላቀል ነው ጥያቄው። ከሥሩ ግን የድሃ ተማሪዎች ገንዘብ የሚከፋፈልበት ስሌት አለ። ስሌቱን ለመረዳት መጀመሪያ ከሁለት ነገሮች ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል፦ ከስኩል ዲስትሪክትና ከታይትል ዋን።

ስኩል ዲስትሪክት ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን የሕዝብ ትምህርት የሚያስተዳድር የአካባቢ ተቋም ነው። በመላ አሜሪካ ከ13,000 በላይ አሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ይሁንና ጽሕፈት ቤቱ የወረዳው አስተዳደር አንድ ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛው ዲስትሪክት ግን ከከተማው አስተዳደር ተለይቶ የቆመ ነው። የራሱ ወሰንና ነዋሪው የመረጠው ቦርድ አለው። በብዙ ግዛቶች ከቤትና ከመሬት ግብር ድርሻውን ያገኛል፤ መራጩ ከፈቀደለትም ቦንድ ሸጦ ሕንፃ ይሠራል። ቦርዱ ሱፐርኢንቴንደንት ይቀጥራል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የትኛው ሰፈር ልጅ የት እንደሚማር የሚወስነውን የወሰን ካርታ ያጸድቃል። ግዛቱ በሙሉ አንድ ዲስትሪክት የሆነው በሃዋይ ብቻ ነው።

ከግብር መሰብሰቡ ጋር ችግር ተያይዞ መጣ። ቤቱ ውድ የሆነ ሰፈር በትንሽ የግብር መጣኔ ብዙ ይሰበስባል፤ ድሃው ሰፈር መጣኔውን ከፍ ቢያደርገውም የሚያገኘው ጥቂት ነው። በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ኤጅውድ የተባለው ድሃ ዲስትሪክት በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአካባቢው ግብር ለአንድ ተማሪ የሚያገኘው 26 ዶላር ነበር። በዚያው ከተማ ያለው ሀብታሙ አላሞ ሃይትስ ዝቅ ባለ መጣኔ 333 ዶላር ያገኝ ነበር። የኤጅውድ ወላጆች ከሰሱ። በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ትምህርትን መሠረታዊ መብት ብሎ አልደነገገም አለ። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱን የማጥበቡ ሥራ ለየግዛቶቹ ምክር ቤቶችና ፍርድ ቤቶች ተተወ። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ወጪ በአብዛኛው በግዛቱና በአካባቢው የሚሸፈን ሲሆን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ከ10 ዶላር 1 ዶላር ገደማ ነው።

ከዚያ 1 ዶላር ትልቅ ድርሻ ያለው፣ ለድሃ ተማሪዎች የሚውለው ገንዘብ ታይትል ዋን ይባላል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ታይትል ዋን ያለበትን ሕግ የፈረሙት አፕሪል 11 ቀን 1965 በቴክሳስ፣ በልጅነታቸው በተማሩበት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያ አስተማሪያቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ጆንሰን ራሳቸው በወጣትነታቸው ኮቱላ በምትባል የቴክሳስ ከተማ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ድሃ ልጆች አስተምረዋል፤ ቁርስ ሳይበላ ክፍል የሚገባ ልጅ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። ሕጉ ስሙና ዝርዝሩ በየጊዜው ቢለዋወጥም ታይትል ዋን ግን እስካሁን አለ። በ2024 የበጀት ዓመት የተመደበለት ከ18 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ገንዘቡ ከዋሽንግተን እስከ መማሪያ ክፍል ድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። መጀመሪያ በየዲስትሪክቱ ወሰን ውስጥ ያሉ ድሃ ልጆች በቆጠራ ቢሮው ግምት ይሰላሉ፤ በዚያ መሠረት የዲስትሪክቱ ድርሻ ይወሰናል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፦ ዲስትሪክቱ ትምህርት ቤቶቹን ቢዘጋም ቢያዋህድም ከላይ የሚመጣለት ድርሻ በዚያ ምክንያት አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለወጠው ከውስጥ ያለው ክፍፍል ነው።

ዲስትሪክቱ ትምህርት ቤቶቹን ከድሃ ተማሪዎቻቸው መቶኛ አንጻር በተራ ይደረድራል። ከ75 በመቶ በላይ የሆኑት መቅደም አለባቸው። ከዚያ በታች ያሉት ከዲስትሪክቱ አማካይ እኩል ወይም በላይ ከሆኑ፣ አለዚያም 35 በመቶ ከደረሱ ሊያገኙ ይችላሉ። 40 በመቶ የደረሰ ትምህርት ቤት ደግሞ ገንዘቡን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ጥቅም ማዋል ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በታች ያለው በአብዛኛው ለይቶ ለመዘገባቸው ደካማ ተማሪዎች ብቻ ያውላል። በገንዘቡ የንባብ ልዩ መምህር ይቀጠራል፣ ረዳት መምህር ይጨመራል፣ የክረምት ትምህርት ይከፈታል። ሕጉ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላል፦ ይህ ገንዘብ ግዛቱና አካባቢው ማውጣት የነበረባቸውን መተካት አይችልም፤ በዚያ ላይ መጨመር አለበት።

ስለዚህ ገንዘቡ ድሃውን ልጅ ብቻውን አይከተልም፤ ድሃ ልጆች የበዙበትን ሕንፃ ይከተላል። ሁለት እኩል ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ቢኖሩና ወሰኑ በመሃላቸው ቢያልፍ፣ አንዱ ልጅ የንባብ መምህር ሲያገኝ ሌላው ላያገኝ ይችላል። ትምህርት ቤቶችን መዝጋትና ማቀላቀል፣ ማለትም መልሶ ማደራጀት የሚባለው ሥራ የሚነካው ይህንኑ መስመር ነው።

መልሶ ማደራጀት የሚመጣው በአብዛኛው ተማሪ ሲቀንስ ነው። የሚወለደው ልጅ ያንሳል፤ የቤት ኪራይ ወጣት ቤተሰቦችን ከከተማ ያስወጣል፤ ከኮቪድ ወዲህ ወደ ግልና ወደ ቤት ትምህርት የሄዱት ሁሉም አልተመለሱም። ግዛቱ በተማሪ ቁጥር ስለሚከፍል ገቢው ይቀንሳል፣ ሕንፃው ግን ማሞቂያውን፣ ጣሪያውንና ርእሰ መምህሩን እንደ ቀድሞው ይፈልጋል። 200 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት ሙሉ ቀን የምትሠራ ነርስ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና የሙዚቃ መምህር መያዝ ይከብደዋል።

መፍትሔ ተብለው የሚቀርቡት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው መዝጋት ነው። ሁለተኛው ወሰንን እንደገና ማስመር ነው። ሦስተኛው ማጣመር ነው፤ ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን በሰፈር መከፋፈላቸውን ትተው በክፍል ይከፋፈላሉ፣ ለምሳሌ እስከ 2ኛ ክፍል ያሉት በአንዱ ሕንፃ፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉት በሌላው ይማራሉ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በኒው ጀርሲ የፕሪንስተን ከተማ በ1948 የነጮችንና የጥቁሮችን ትምህርት ቤቶች ያዋሐደችው እንዲህ ነበር፤ ሁሉም ልጆች እስከ 5ኛ ክፍል ናሶ ጎዳና ባለው ሕንፃ፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ደግሞ የጥቁሮች በነበረው በዊዘርስፑን ተማሩ። ዘዴው እስካሁን የፕሪንስተን ዕቅድ ይባላል። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሲያትልንና የሉዊቪልን የድልድል ሥርዓት ሲሽር የእያንዳንዱን ልጅ ዘር እያዩ መመደብን አገደ። ስለዚህ ተማሪዎቻቸውን ማደባለቅ የፈለጉ ብዙ ዲስትሪክቶች በዘር ፈንታ የቤተሰብን ገቢ ማየት ጀመሩ።

አሁን ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ትንሽ ዲስትሪክት ሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉት እንበል። በየአንዳንዳቸው 300 ልጆች አሉ። በመጀመሪያው ድሆቹ 210 ናቸው፣ 70 በመቶ ማለት ነው፤ በሁለተኛው 60፣ ማለትም 20 በመቶ። ሁለተኛው ከመለኪያው በታች ስለሆነ ለአንደኛ ደረጃ የተመደበው 210,000 ዶላር በሙሉ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል፤ ለአንድ ድሃ ልጅ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ሁለቱ ሲጣመሩና ልጆቹ እኩል ሲከፋፈሉ በየሕንፃው 135 ድሃ ልጆች ይኖራሉ፣ 45 በመቶ። ሁለቱም ብቁ ሆኑ። ያ 210,000 ዶላር ግን አልጨመረም፤ ለ270 ልጆች ሲካፈል ለአንዱ 778 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ቀድሞ ተረስተው የነበሩት 60 ልጆች ተቆጠሩ፤ 210ሩ ደግሞ ከድርሻቸው ከአምስት አንድ እጅ በላይ አጡ።

ቁጥሩ ሌላ ሲሆን ውጤቱ የባሰ ይሆናል። 180 ድሆች ያሉበት የ300 ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ 120 ድሆች ካሉበት የ700 ልጆች ትምህርት ቤት ጋር ቢቀላቀል፣ ከ1,000 ልጆች 300ው ድሆች ይሆናሉ፤ 30 በመቶ። የዲስትሪክቱ አማካይ 40 በመቶ ከሆነ ይህ ትምህርት ቤት ከመለኪያው ወጣ። አንድም ቤተሰብ ሳይበለጽግ 180ዎቹ ልጆች የታይትል ዋንን ድጋፍ ያጣሉ። ገንዘቡ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ሌሎች ድሃ ልጆችን ይጠቅማል፣ ከዲስትሪክቱ አይወጣም። ለነዚህ ወላጆች ግን ይህ መጽናኛ አይሆንም።

ሌላው አከራካሪ ነገር ድሃውን መቁጠሪያው ራሱ ነው። ለረጅም ዘመን ዲስትሪክቶች በየሕንፃው ያሉትን ድሆች የቆጠሩት በነፃና በቅናሽ የምሳ ቅጽ ነው፤ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰብ ልጅ ምሳ በነፃ፣ እስከ 185 በመቶ ያለው በቅናሽ ያገኛል። በ2010 የወጣ ሕግ ድሃ የበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ያለ ቅጽ ሁሉንም በነፃ እንዲመግቡ ፈቀደ። ልጆቹ ጠገቡ፣ ቅጹ ግን ቀረ። አሁን በነዚህ ትምህርት ቤቶች መቁጠሪያው በአብዛኛው በመንግሥት የምግብ ድጎማና በመሰል ፕሮግራሞች የተመዘገቡትን ስም ማመሳከር ነው። ድጎማውን ሊያገኝ እየቻለ በፍርሃት ወይም ባለማወቅ ያላመለከተ ቤተሰብ ልጅ በዚህ ዝርዝር አይገኝም። ክፍተቱን ለመሙላት ብዙ ዲስትሪክቶች የቤተሰብ ገቢ መጠይቅ ወደ ቤት ይልካሉ። ምሳ በነፃ ስለሚሰጥ «ለምን እሞላለሁ?» ብሎ ወረቀቱን የሚጥል ወላጅ ሳያስበው የትምህርት ቤቱን መቶኛ ያወርዳል።

የውህደቱ ጥቅምና ጉዳት ግን በዶላር ብቻ አይመዘንም። ትምህርት ቤቶች ሲጣመሩ የአንድ ክፍል መምህራን ብዙ ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሠሩ ይመካከራሉ፤ የሀብታምና የድሃ ሰፈር ልጆች አብረው ያድጋሉ፤ የወላጆች ማኅበሩ በመዋጮ የሚያመጣው ገንዘብም ለሁሉም ይደርሳል። በአንጻሩ ወንድምና እኅት ሁለት ትምህርት ቤት ይለያያሉ፣ ሁለት የአውቶቡስ ሰዓት ይመጣል፣ በእግር ይደረስበት የነበረው ይርቃል። በፈረቃ ለሚሠራና አንድ መኪና ላለው፣ ወይም ጭራሽ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው እንደ ሲያትል ባሉ ዲስትሪክቶች ማስታወቂያዎች በአማርኛ ይወጣሉ። ይህ የዲስትሪክቱ ችሮታ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ወላጅ ዋና ዋና መረጃን በሚገባው ቋንቋ ማድረስ በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ላይ የቆመ ግዴታ ነው። በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አያስፈልግም። በዓመት ከ500,000 ዶላር በላይ የታይትል ዋን ገንዘብ የሚያገኝ ዲስትሪክትም ቢያንስ 1 በመቶውን ለወላጆች ተሳትፎ እንዲያውል ሕጉ ያዛል፤ በአጠቃቀሙ ላይም ወላጆች ሐሳብ እንዲሰጡ ይጠይቃል።

ስለዚህ ዕቅድ ሲቀርብ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። የልጄ ትምህርት ቤት መቶኛ ዛሬ ስንት ነው? ከውህደቱ በኋላ ስንት ይሆናል? የተቆጠረው በምንድን ነው? የንባብ መምህሩ ደመወዝ ከየት ነው የሚከፈለው? በሚቀጥለው ዓመትስ ይኖራል? የመልሱ ቁጥሮች ያሉት በዲስትሪክቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ሠንጠረዡ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ደግሞ ቦርዱ ድምፅ ከመስጠቱ ከወራት በፊት ነው። ሕንፃው ሲዘጋ የሚጮህ ወላጅ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ገና ሲሰላ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ውሳኔው በቀላሉ ሊለወጥ የሚችለው ደግሞ ያኔ ነው።