ለምርመራ ደም ከመቀዳታችን በፊት ማን ይከፍላል ብለን እንጠይቅ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሐኪም ያከብራሉ። ሐኪሙ «ደም እንውሰድ» ካለ ክንድ ይዘረጋል እንጂ ዋጋ አይጠየቅም። አክብሮቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያክመን በግል ክሊኒኩ ከሆነ ያልጠበቅነው ሂሳብ ሊመጣ ይችላል። ክሊኒኩ ምርመራውን ራሱ ሠርቶ ራሱ ሲያስከፍል፣ ምርመራውን የሚያዘውም ገንዘቡን የሚቀበለውም አንድ ወገን ነው። ይህ ሐኪሙ ያታልላል ማለት አይደለም፤ መጠየቅ ግን ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ እያንዳንዱን የእስራኤል ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ ያስገባል፤ እነሱም ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሄዴትና ሌኡሚት ናቸው። የቤተሰብ ሐኪማችን ያዘዛቸው የተለመዱ የደምና የሽንት ምርመራዎች በጤና ቅርጫቱ (ሳል ብሪኡት) ውስጥ ስለሆኑ በኩፓው ላብራቶሪ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ልዩ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ግን በየሦስት ወሩ የሚታሰብ አነስተኛ ክፍያ አለ፤ ከቢቱዋህ ሌኡሚ ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚያገኙ ጡረተኞች ከዚህ ክፍያ ነፃ ናቸው። ኩፓው በቅርጫቱ ውስጥ ላለ አገልግሎት በመንግሥት ከጸደቀው ክፍያ በላይ ማስከፈል አይችልም።

የግል ሐኪም ማዘዣ ሲሰጠን ነገሩ ይለያል። በዚያው ክሊኒክ ከመክፈላችን በፊት ወረቀቱን ይዘን ወደ ቤተሰብ ሐኪማችን እንሂድ። እሱ ምርመራው ያስፈልጋል ካለ በኩፓው ስም ሃፍናያ ሊጽፍልን ይችላል፤ የኩፓው ስምምነት የሚጠይቅ ምርመራ ከሆነም ቶፌስ 17 እንጠይቃለን። ያለ ስምምነት ራሳችን ከፍለን ካስመረመርን በኋላ ገንዘቡን ከኩፓው ማስመለስ ከባድ ነው።

በግል መመርመር ከመረጥን ደሙ ከመቀዳቱ በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

• ይህ ምርመራ በኩፓት ሆሊም በነፃ ይሠራል?
• ማአምን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው?
• የሚሠራው እዚሁ ነው ወይስ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይላካል? ላብራቶሪው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ፈቃድ አለው?
• ደረሰኝ (ካባላ) እናገኛለን? ሻባን ካለን ከወጪው የሚመልስልን አለ?

የጣት ደም ወስዶ ስኳር መለካት ወዲያው የሚያልቅ ነገር ነው። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርገን እንዳንከፍል። የዘር (ጄኔቲክ) ምርመራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የራሱ ሕግ አለው፤ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ይጠይቃል።

ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በግል የተሠራ ውጤት ወደ ቤተሰብ ሐኪማችን ላይደርስ ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ሳያውቅ ያንኑ ምርመራ ያስደግማል፣ ወይም መድኃኒቱን ያለ መረጃ ያዝዛል። ስኳር በማኅበረሰባችን ከዓሊያ በኋላ በጣም የበዛ በሽታ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የውጤቱን ቅጂ መቀበል መብታችን ነው፤ ተቀብለን ለቤተሰብ ሐኪማችን እንስጠው።

ለእኛ የደም ጉዳይ ሌላ ትዝታም አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ለጋሾች የሰጡት ደም በስውር ይጣል እንደነበር ሲጋለጥ፣ ሺዎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት የወጣው የታካሚ መብቶች ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕክምናው በሚገባን መንገድ እንዲያስረዳንና ፈቃዳችንን እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ደማችን የት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚመረመርና ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ዕብራይስጡ ካስቸገረን አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ የልጅ ልጅ እስኪመጣ ድረስ ያልገባንን ወረቀት አንፈርም።

ያለአግባብ ከፍለናል ብለን ካሰብን ደረሰኙን ይዘን መጀመሪያ ለኩፓው የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ እናቅርብ። ካልተፈታ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ ያለው የጤና መድን ሕግ ቅሬታ ሰሚ አለ፤ የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር *5400 ነው። ደረሰኝ የሌለው ቅሬታ ግን ምስክር እንደሌለው ሙግት ነውና፣ ወረቀቱን አንጣል።